አልቃሽ የራሷን አትጠራም

ያን ዕለት ሰማዩ ከጧት ጀምሮ ተደፍኖ ዋለ። ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው፤ ነሐሴ ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ጉሙ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ወርዶ ማሳውን ስለሸፈነው ሰው ደጁ ላይ ቆሞ የጎረቤቱን ጣራ አያይም ነበር። ቀትር ላይ በረዶ ጣለ፤ ባቄላ የሚያህል በረዶ። እታገኘሁ በሯ ላይ ቆማ ገብሷ ሲደበደብ እያየች ሳለ ሁለት ጊዜ ተኩስ ሰማች። ነጎድጓድ ነው አለች በልቧ። እግሯ ግን አላመናትም፤ ሳታዝዘው መሮጥ ጀመረ።

ከፋለ አንድ ልጇ ነበር። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ከተጻፈ ወር አልፎታል፤ ቀን ቀን ገደል ለገደል እየዋለ፣ ሲመሽ ቤቱ እየገባ ነበር የከረመው። ያን ቀን በረዶው አስገድዶት በጊዜ ወጣ። ታጣቂዎቹም ጉሙን ተከልለው እየመጡ ነበርና ከግጦሹ ሜዳ ጫፍ ላይ ተገናኙ። ቁም አሉት፤ ሮጠ። እናቱ ስትደርስ በረዶው በላዩ ላይ ገና አልቀለጠም ነበር።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር እንግዳው ከታጣቂዎቹ ጋር ቆሟል። አገሩ ሁሉ ጓድ እንግዳው ይለዋል። እታገኘሁ ግን ንፍጡን እየጠረገች ያሳደገችው የጎረቤት ልጅ ስለሆነ ጓድ ብላው አታውቅም።

«እትዬ፣ ሬሳውን ውሰጂና ቅበሪ» አላት፣ ዓይኗን ሳያይ። «ለቅሶ ግን የለም። ከግዳጅ ለኮበለለ አይለቀስም። ያለቀሰ ግብረ አበሩ ነው ተብሏል።»

«ማን ነው ያለው?»

«ከበላይ።»

«አንተስ ምን አልክ?»

ጀርባውን ሰጥቷት ወደ ታጣቂዎቹ ሄደ። ከፋለ በዚያው ማታ በአራት ሰው ትከሻ ወርዶ ተቀበረ። መምሬ ወልደ ኪዳን ፍትሐቱን በችኮላ አደረሱት። ደረት የመታ የለም። ድንኳን አልተጣለም፣ ሣልስት አልተቀመጡም፤ ጎረቤት እሳት ለመጫር እንኳ በሯን ሳያንኳኳ ሰነበተ።

ይህ በማንም ላይ ቢደርስ መራራ ነው። በእታገኘሁ ላይ ግን ሌላ ነበር፤ እሷ አልቃሽ ናትና። ከገነተ ማርያም እስከ ሙጃ መንገድ ድረስ ሰው ሲሞት «እታገኘሁን ጥሩ» ነበር የሚባለው። ሦስተኛ ክፍል ሳትደርስ ከትምህርት ቤት አስወጥተው ዳሯት፤ ፊደሉን ረሳችው፤ የሰው ታሪክ ግን ከራሷ ላይ አይጠፋም። የማን አባት በየትኛው ዘመቻ እንደቀረ፣ የማን ሕፃን በየትኛው ረሀብ እንዳለፈ ታውቃለች። ሥራዋም ይኸው ነው። በዚያ አገር አልቃሽ የዕለቱን ሟች ብቻ አታነሣም። መሐል ቆማ ዙሪያውን ታያለች፤ ዓምና ባሏን የቀበረችውን ባሏን ትጠራላታለች፣ ካቻምና እኅቷ የሞተችባትን እኅቷን። ስሙ የተጠራላት ሴት ደረቷን ትመታለች፣ ሌላው ይቀበላታል። በሰው ለቅሶ ሁሉም የራሱን አልቅሶ፣ ቀልሎት ይሄዳል።

አንድ ሕግ ብቻ አለ። አልቃሽ የራሷን አትጠራም። መሐል ቆማ የራሷን ከጠራች ነውር ነው፤ የሰውን ለቅሶ ለራሷ ወሰደችው ይባላል። የአልቃሽን ሙት የምትጠራላት ተቀባይዋ ናት፤ ሁልጊዜም በመጨረሻ።

የእታገኘሁ ተቀባይ ማሚቱ ነበረች። ሃያ ዓመት አብረው አልቅሰዋል። የእታገኘሁ ባል ሲሞት ማሚቱ ናት የጠራችው፤ ጥርት ባለ ድምፅዋ አገር ያስለቀሰችው።

አዲሱ ዓመት ገብቶ መስከረም ሁለት የአብዮት በዓል መጣ። ገበሬው በሙሉ ግጦሹ ሜዳ ላይ ተሰበሰበ፤ ባንዲራ ተሰቀለ፣ መፈክር ተባለ፣ አንድ ቀይ በሬም ታረደ። በሬው የታረደው ከፋለ ከወደቀበት ቦታ አርባ እርምጃ ቢርቅ ነው። እታገኘሁ ስሟ ሲጠራ «አቤት» ለማለት ሄዳ ከዳር ተቀምጣለች።

ወደ ማታ ከብቶቹ ከግጦሽ ሲመለሱ ደሙ ሸተታቸው። አንዲት ዳለቻ ላም ቀድማ ደረሰች። አፍንጫዋን መሬት ላይ አድርጋ ቆመች፤ ከዚያ አንገቷን ዘርግታ ጮኸች፣ የላም የማይመስል ረጅም ጩኸት። ሌላዋ ተቀበለቻት። ጥጃውም ወይፈኑም መጣ፤ ዙሪያውን ከበው በሰኮናቸው አፈሩን ወደ ጀርባቸው እየበተኑ ያገሱ ጀመር። ታጣቂዎቹ በድንጋይ አባረሯቸው። ዞረው መጡ።

«ምነው፣ እነዚህ በዓል መሆኑን አልሰሙም እንዴ?» አለ አንዱ ታጣቂ።

«ስብሰባ አልተጠሩማ» አለ ሌላው፤ ሰዉ ሳቀ።

«በሉ እሰሯቸው፤ ያለቀሰ ሁሉ ግብረ አበር ነው» አለች ማሚቱ ቀስ ብላ፣ ለእታገኘሁ ብቻ እንዲሰማ።

የመሠረተ ትምህርት አስተማሪው ከከተማ የመጣ ጨዋ ልጅ ነው። እታገኘሁ ፊቷ ተለዋውጦ ከብቶቹን ስታይ አይቶ አጠገቧ ተቀመጠ። «እማማ፣ አያለቅሱም እኮ» አላት። «ልማድ ነው። ደም ሲሸታቸው እንዲህ ያደርጋሉ እንጂ የሞተው ማን እንደሆነ አያውቁም።»

«እኔም ብዙ ያላወቅሁትን ሰው አልቅሻለሁ፣ ልጄ።»

«የሰውማ ሌላ ነው። የሰው ባህል ነው።»

«ምኑ ነው ሌላ የሚያደርገው?»

ልጁ አሰበ። «ሰው ፈልጎ ነው የሚያደርገው» አለ።

እታገኘሁ ከብቶቹን ነበር የምታየው። ያስቀናት ጩኸታቸው አልነበረም። አንዷ ስትጀምር ሌሎቹ ዝም አለማለታቸው ነበር። ሦስት ማታ ተከታትለው እዚያ ቦታ እየደረሱ ጮኹ፤ በአራተኛው ማታ ዝናብ ደሙን አጠበውና ዝም ብለው አለፉ። ሠርተው ጨርሰው እንደሄዱ ሰዎች መሰሏት። የሷ ግን አልተጀመረም።

ማሚቱ በማግሥቱ ውኃ ስትቀዳ ምንጩ ላይ አገኘቻት። ዙሪያውን አየችና፣ «ጠብቂ» አለቻት። «በሕመም ለሞተ ሰው ለቅሶ የሚከለክል የለ። የመጀመሪያው ለቅሶ ሲመጣ አንቺ የሰዉን ሁሉ ጥሪ፤ መጨረሻ ላይ ከፋለን እኔ እጠራዋለሁ። ባልጠራው አፌን ይያዘው!»

«ትጠሪዋለሽ?»

«አልኩሽ እኮ! ጡት ያጠባሁትን ልጅ ለምን አልጠራውም?»

እውነት ነው፤ ከፋለና የማሚቱ ልጅ ሞላ እኩያ ናቸው፣ የሁለቱንም ጡት ጠብተዋል። ሞላም ስሙ ተጽፏል። ማሚቱ ከወንዙ በላይ ካለው ዋሻ ደብቃዋለች፤ ውኃ የምትቀዳበት ማድጋ ሥር ቂጣ እያደረገች ታደርስለታለች። ይህን እታገኘሁ ታውቃለች፤ ሌላ የሚያውቅ የለም።

እታገኘሁ ጥቅምትን በሙሉ ሞት ስትጠብቅ ከረመች። ኃጢአት መሆኑን ታውቀዋለች። እገሌ ታሟል ሲባል ልቧ ይመታል፤ ተሽሎታል ሲባል ያዝናታል። ሰው እንዲህ ይሆናል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

ኅዳር ላይ ሞት መጣ፤ የመጣው ግን ሊቀመንበሩ ቤት ነው። የእንግዳው እናት እመት ዓለምእሸት በተኙበት ቀሩ። ደግ ሴት ነበሩ፤ በሰባ ሰባቱ ረሀብ ያላቸውን ቆሎ በእፍኝ እየሰፈሩ ለመንደሩ ያዳረሱ። መልእክተኛው እታገኘሁ ደጅ ቆሞ፣ «ጓድ እንግዳው እባክሽ ብለውሻል» አላት። ከነጠላዋ በቀር የያዘችው የለም፤ ተነሥታ ሄደች።

ሰው እንደ ጉንዳን ተሰብስቧል። ወንዶቹ በአንድ ወገን ዱላቸውን ተመርኩዘው ቆመዋል፤ እንግዳው ራሱን ተላጭቶ ከመሐላቸው ነው። ሴቶቹ ክብ ሠርተዋል። እታገኘሁ መሐል ገባች። ማሚቱ ፊት ለፊቷ ቆመች።

«ዓለምእሸት ሞተች፣ ደጅ ተዘጋ አሉ፤
እንግዲህ እንግዶች ወዴት ይውላሉ።»

ማሚቱ ተቀበለች፤ ሴቱ ሁሉ ተቀበለ። እንግዳው እንደ ሕፃን አለቀሰ። እታገኘሁ ጨከነች ወይም ራራች፣ ራሷም አልለየችውም፤ ሟቿን አሳምራ አለቀሰቻቸው። ከዚያ ዞር ዞር ብላ ሴቶቹን ታይ ጀመር። በረሀቡ ጨቅላዋን መንገድ ላይ የቀበረችውን አሰለችን አየች።

«በሰባ ሰባቱ የሄደው ያ ጨቅላሽ፤
ዛሬ በሰው ለቅሶ መጣልሽ ሊያቅፍሽ።»

አሰለች ወደቀች፤ ደገፏት። እታገኘሁ ሌላዋን አየች፣ ሌላዋንም። ባል፣ አባት፣ መንታ፣ በምጥ የቀረች ምራት። አንዲት ሴት አላስቀረችም። በሁለት ወር ተኩል ውስጥ ሰላምታ የነሷትን ሁሉ ሙታቸውን ጠራችላቸው። ድምፅዋ ሲሰነጠቅ፣ የሚጠራ ሲያልቅ፣ ማሚቱን አየቻት።

ሴቶቹም ማሚቱን አዩ። ተራው የማን እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ ሊጠራ የሚገባው ስም ማን እንደሆነም የማያውቅ የለም። እንግዳው ቀና አለ። ከጀርባው ጠመንጃ የያዙት ሁለቱ ታጣቂዎች ማሚቱን ያዩ ጀመር።

ማሚቱ አፏን ከፈተች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ እታገኘሁ አየች። ድምፅ ግን አልወጣም። ማሚቱ ዓይኗን ወደ ወንዙ በላይ ወዳለው ገደል ላከች፣ መለሰችው፣ መሬት መሬት አየች። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ያኔ እታገኘሁ ሕጉን አፈረሰች።

«ሁሉን ጠርቼላችሁ አንድ ቀረኝ የኔ፤
ከፋለን የሚጠራ ጠፋ ወይ ወገኔ።»

አልተቀበሏትም። አንዲትም ሴት። አሰለች እንኳ፣ ያቺ አሁን ከወደቀችበት ያነሷት፣ ዕንባዋን እየጠረገች ጥላዋን ታይ ነበር። እታገኘሁ ደገመችው። ሙሾ ካልተቀበሉት ሙሾ አይደለም፤ አንዲት ሴት ሜዳ ላይ ቆማ ብቻዋን ስትጮህ ነው። በሦስተኛው ጊዜ ግማሹ ላይ ደርሳ ቆመች። መምሬ ወልደ ኪዳን ጉሮሯቸውን ጠረጉና «አቡነ ዘበሰማያት» ብለው ጀመሩ፤ ሰዉ ሁሉ እንደ ተገላገለ ጮክ ብሎ ተቀበላቸው።

ሲመለሱ ማሚቱ ከኋላዋ ደረሰችባት።

«ሞላ…» አለች ማሚቱ።

«አውቃለሁ።»

«ከጠራሁ ቤቴን ይፈትሻሉ። ዱካዬን ይከተላሉ።»

«አውቃለሁ አልኩሽ።»

«አንቺ ብትሆኚስ ኖሮ?»

«እኔማ እጠራው ነበር» አለች እታገኘሁ። እውነት ይሁን ውሸት እስከ ዛሬ አታውቀውም።

በማግሥቱ እንግዳው መንገድ ላይ አገኛት። ብቻውን ነበር። «እትዬ፣ ትናንት እናቴን ስላለቀስሽልኝ እግዜር ይስጥልኝ» አላት። ቀጥሎም፣ «የቀረውን አልሰማሁም» አለ። ውለታ መዋሉ ነው።

«የሰማማ የለም» አለችው፤ አለፈች።

ከዚያ ወዲያ ለለቅሶ ሲጠሯት ጉሮሮዬን አሞኛል አለች። አንድ ዓመት እንዲህ አለች፤ ከዚያ መጥራቱን ተዉት። ማሚቱ ሌላ አልቃሽ መቀበል ጀመረች።

ደርግ ከላስታ ሲወጣ፣ ታጣቂዎቹ ጠመንጃቸውን ሲያስረክቡ፣ እንግዳው ወደ ወልድያ ሸሸ። ያን ጊዜ ሴቶቹ ተሰብስበው እታገኘሁ ደጅ መጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ማሚቱ ፊት ፊት ነች፤ ልጇ ሞላ የከፋለን አሮጌ ዱላ ይዞ ከኋላ ይከተላል። የከፋለን ለቅሶ ልናለቅስ ነው አሉ።

«ቀኑ አለፈ እኮ» አለች እታገኘሁ።

«አምስት ዓመት ምን አላት? ፍቀጂልን!» አለች ማሚቱ፤ መልስ ሳትጠብቅ ጀመረች። ያ ጥርት ያለው ድምፅ አልተበላሸም። ከፋለን ጠራችው፣ ደግማ ደጋግማ፣ ቁመቱን፣ እርሻውን፣ በበረዶው መሐል መሮጡን። ሴቱ በሙሉ ተቀበላት። አገር ተላቀሰ። ሞላ ዱላውን ይዞ እየዞረ እየዬ አለ፤ ሠላሳ ዓመት የሞላው ሰው ይመስል ነበር፣ ጢም አብቅሎ፣ ሚስቱ አርግዛ።

እታገኘሁ መደቡ ላይ ተቀምጣ አየቻቸው። ዕንባ እንዲመጣ ጠበቀች። ደረቷን ሁለቴ መታች፤ የሌላ ሰው ደረት ሆነባት። ሙሾው የቱ ጋ እንደተነሣ፣ የቱ ጋ እንደወደቀ፣ የቱ ጋ ማሚቱ የግጥሙን ቤት እንደሳተች እያስተዋለች ነበር። ሲጨርሱ ቀልሏቸው ነበር። ፊታቸውን ታጠቡ፣ ያቀረበችላቸውን ቆሎ በሉ፣ ስለ ገብስ ዘር ተጨዋወቱ። ማሚቱ አቅፋ ሳመቻት፣ «ይኸው ወጣልሽ» አለቻት። «አዎ፣ ወጣልኝ» አለች እታገኘሁ፤ ሌላ ምን ትላለች።

ያን ዓመት ገብሷን ሳታጭድ መሬቷን ለሞላ ምርቱን እኩል እያካፈላት እንዲያርስ ሰጠችና ከመንደሩ ወጣች።

እታገኘሁ አሁን ላሊበላ ውስጥ ከወንድሟ ልጅ ቤት፣ ከጓሮ ባለችው አንዲት ክፍል ትኖራለች። ጥጥ ትፈትላለች። ጉልበቷን ያማታል፤ ዓይኗ ደኅና ነው። ለቅሶ ቤት አትሄድም።