በወረቀት የአሥራ አንድ ዓመት ልዩነት

ጓደኛዬ ታደሰ ሞተና የጡረታ ቁጠባውን ለእኔ አወረሰኝ። እዚህ አሜሪካ፣ ዳውንታውን ዴንቨር የመኪና ፓርኪንግ ውስጥ ሠርቶ ያጠራቀማት ናት። ወረቀቱን ይዤ ኦሮራ ከተማ፣ የታክስ ወረቀት ወደምትሞላልን ልጅ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ በዕድሜ ብትቀራረቡ ኖሮ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እያወጡ ዕድሜ ልክዎን ይጦሩበት ነበር። ከሟቹ ከአሥር ዓመት በላይ የሚያንስ ወራሽ ግን በአሥር ዓመት ውስጥ ሁሉንም ማውጣት አለበት፤ ታክሱም ይከብዳል» አለችኝ።

«እኩያሞች እኮ ነን» አልኳት።

«ኧረ ጋሼ! ወረቀቱ በአሥራ አንድ ዓመት ያንሳሉ ይላል።»

ሱዳን የስደተኞች መጠለያ ስንገባ ሁለታችንም አሥራ ሰባት ዓመታችን ነበር። ለአባወራ ዱቄት፣ ለልጅ ወተት ይታደላል። ታደሰ ሰባት ዓመት ጨምሮ አጎቴ ሆነ፤ እኔ አራት ቀነስኩ፤ አሜሪካም የገባነው በዚያው ዕድሜ ነው። «አንተ ከሲታ፣ ማን ይጠረጥርሃል!» ብሎ ሳቀብኝ። ወተቷን በአንድ ጣሳ እየተቀባበልን ጠጣናት። እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም።

ይህንን ነገርኳት። ሳቋን ዋጥ አደረገችና፣ «ያኔ አብሯችሁ የነበረ ሰው ቢመሰክርልዎት እንሞክራለን» አለች።

ድንበሩን የተሻገርነው አምስት ነበርን። ሦስቱ እዚያው መጠለያው ውስጥ ሞቱ። ታደሰን ባለፈው ወር ቀበርነው። የቀረሁት እኔ ነኝ።