ዘይነባን ማን በላት?

ይህ የደረሰብኝ ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት በነበረው ዓመት፣ ካርቱም፣ ጀብራ ሰፈር እንኖርበት በነበረው ግቢ ውስጥ ነው። ዛሬ ሁላችንም ተበታትነን በስልክ ስንገናኝ እንኳ ከጤና ይስጥልኝ ቀጥሎ የምናነሣው እሱን ነው። ብዙ አገር ዞሬ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ ከመተማ በእግሬ ስሻገር ጅብ ሸኝቶኛል። ግን በአንድ ቀን ቡዳም፣ በሽተኛም፣ መድኃኒት ፈላጊም የሆንኩት ያን ቀን ብቻ ስለሆነ አይረሳኝም።

መጀመሪያ ስለ ሥራዬ ልንገራችሁ፤ አለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። ካርቱም ከኖርኩት አርባ ዓመት ሃያ ስምንቱን ካፉሪ በሚባል የሀብታም ሰፈር በሰው ቤት ሠርቼ ጉልበቴ በቃኝ ሲል ቤት ዋልኩ። በእኔ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ይጸልያሉ፣ ሰው ያማሉ። እኔ ሁለቱንም ከረፋዱ በፊት እጨርሳለሁ። ከዚያ በኋላ ቀኑ አልመሽ ሲለኝ ብረት መቀጥቀጥ ጀመርኩ።

ለመሸጥ አይደለም፣ ደስ ስለሚለኝ ነው። ዕቃውንም ሁሉ ራሴ ነኝ የሠራሁት። ምድጃዬ የጭነት መኪና ቸርኬ ነው፤ ውስጡን በጭቃና በአመድ ለስኜዋለሁ። ለወናፍ ብዬ ፍየል አላረድኩም። የካፉሪዋ እመቤቴ የጣለችው የፀጉር ማድረቂያ ነበረኝ፤ ሙቀቱ ሞቷል፣ ንፋሱ ግን እንደ እመቤቲቱ አፍ አያባራም። ጉጠቴን ከሁለት ቁራጭ ፌሮ አጣምሬ በአንድ ብሎን አሰርኩት። ብረቱን አስቀምጬ የምቀጠቅጥበት መስፌ የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ነው። ማዮ ሰፈር ካለ አንድ ሽማግሌ ሐዳድ፣ ቀጥቃጭ ማለት ነው፣ ገዝቼ በአህያ ጋሪ አስመጣሁት። አህያው እስከ ዛሬ ይረግመኛል።

የመጀመሪያ ሥራዬ የሥጋ መስቀያ ሜንጦ ነበር። ሲያልቅ ትል መሰለ።

«እማማ ወርቄ፣ ይሄ ሥጋ ይሰቅላል ወይስ ሥጋ ይበላል?» አለችኝ ዘይነባ።

ዘይነባ የወሎ ልጅ ናት፤ ካፉሪ እኔ በለቀቅሁት ቤት ገብታ የምትሠራ። የምታርፈው ጁምዓ ጁምዓ ሲሆን፣ ያን ቀን እኔ ጋ ትውላለች። የወለድኳቸው ልጆች ሩቅ ናቸው። ለእኔ ቅርቧ እሷ ናት።

አሁን ደግሞ ምስጢሬን ልናገር። አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። አገር ቤት ቀጥቃጭ ማለት ቡዳ ማለት እንደሆነ ለናንተ አልነግርም፤ ታውቁታላችሁ። ማረሻቸውን ያሠሩታል፣ ከዚያ ልጆቻቸውን ከዓይኑ ይሸሽጋሉ። እኔ ካርቱም የመጣሁት እንጀራ ፍለጋ ብቻ አይደለም፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ የማይታወቅበት አገር ፍለጋም ጭምር ነው። ሰው ሲጠይቀኝ አባቴን መጀመሪያ ገበሬ አደረግሁት። ከጥቂት ዓመት በኋላ ባለ ርስት ሆነ። በመጨረሻ ማንም የሚያጣራ ሲጠፋ ቀኛዝማች አልኩት። በሕይወቱ ያላገኘውን ሹመት ከሞተ በኋላ በእኔ አፍ አገኘ።

ብረቱን ከየት ተማርሽው ሲሉኝም በስልክ አይቼ ነው እላለሁ። ዘንድሮ ለውሸት እንደ ስልክ የሚመች ነገር የለም።

የግቢያችን አለቃ ብርቅነሽ ናት። እኩያዬ ናት፤ ግቢው የተከራየው በስሟ ስለሆነ ማን ይግባ ማን ይውጣ የምትለው እሷ ናት። ጾሟን አጥብቃ የምትይዝ፣ ምላሷን ግን የማትይዝ። እሷም «ወርቄ ጃጅታለች፣ ተዋት በብረቷ ትጫወት» ብላ ፈቅዳልኝ ነበር።

በዚያ ጁምዓ ጠዋት ንፋስ ወደ ምድጃው የሚያስገባልኝ አሮጌ ቱቦ ተቃጥሎ ስላለቀ፣ ከሚሠራ ቤት አጠገብ ያገኘሁትን አዲስ የብረት የውኃ ቱቦ ቆርጬ ተከልኩ። የሚያብረቀርቅ፣ የሚያምር ቱቦ። ከሰሉን አቀጣጠልኩ። ወዲያው ሀቡብ የሚሉት የአሸዋ ማዕበል ተነሣ፤ ሰማዩ ቀይ ሆነ፣ አቧራው ገባ። ሌላ ሰው ቢሆን እሳቱን ያጠፋ ነበር። እኔ ግን ብረቴ ሊግል ጥቂት ቀርቶት ነበርና ምድጃው ያለበትን የግቢውን ማእዘን በሸራ ዙሪያውን ጋረድኩት። ዘይነባም ምስር እየለቀመች ከጎኔ ተቀመጠች።

ከቱቦው አፍ ነጭ ጢስ መውጣት ጀመረ። ነበልባሉ አረንጓዴ ቢጤ ሆነ። ከዚያ እንደ ጥጥ ያለ ነገር በአየር ላይ ይንሳፈፍ ጀመር።

«ሱብሃነላህ! እማማ፣ በረዶ አዘነብሽ እኮ!» አለች ዘይነባ እጇን ዘርግታ።

«ካርቱም ላይ በረዶ ያዘነበች አንዲት እኔ ነኝ» አልኳት። ሁለታችንም አፋችንን ከፍተን ሳቅን። አፋችንን መክፈታችን ነው እንግዲህ ጉዱ።

ወደ አሥር ሰዓት ላይ ዘይነባ ብርድ ብርድ አላት። በካርቱም ሙቀት ሦስት ብርድ ልብስ ለብሳ ጥርሷ ይፋጫል። ሁላችንም ወባ ነው አልን። ብርቅነሽ ግን መጥታ ዓይኗን ገልጣ አየቻትና ራሷን ነቀነቀች።

«ይቺ ልጅ ወባ አልያዛትም። ተበልታለች» አለች።

ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ወቅጣ፣ የአሮጌ ጫማ ቁራጭ ጨምራ ልታጥናት ተነሣች። ፍሙን የዛቀችው ከእኔው ምድጃ ነው። በጢስ የታመመችን ልጅ በጢስ ልታድን! ያን ጊዜ ግን እኔም አላወቅሁም።

«ማነህ? ከየት ያዝካት? ተናገር!» ትላለች ብርቅነሽ ጢሱን እያራገበች።

ዘይነባ እየሳለች፣ «አፌ… ብረት ብረት ይለኛል» አለች።

የግቢው ሴቶች ሁሉ ዞረው አዩኝ። ብርቅነሽ ማራገቢያዋን አስቀመጠች።

«ወርቄ፣ አባትሽ ምን ነበሩ ያልሽኝ?»

«ቀኛዝማች» አልኩ።

«የየት ቀኛዝማች?»

ለዚህ አልተዘጋጀሁም ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ሹመቱን እንጂ አገሩን አላሰብኩበትም።

«ስለ አባትሽ ልጂቱ ከዳነች በኋላ እንነጋገራለን። አሁን ግን ወይ ትተፊባታለሽ፣ ወይ ዕቃሽን ትሸክፊያለሽ» አለችኝ። ቡዳ የበላው ሰው ቡዳው ሲተፋበት ይድናል ይባል የለ?

ልተፋባት እችል ነበር፤ ምን ይከብዳል፣ ምራቅ ነው። ግን ከተፋሁ አመንኩ ማለት ነው። ዘይነባም ዳግመኛ እጄን አትይዝም። ቤቱንስ ሌላ አገኛለሁ፤ እሷን ከየት አገኛለሁ? ከዚህ ሁሉ የከፋው ደግሞ ውስጤ «እውነት ቢሆንስ?» ማለት መጀመሩ ነው። በጣም እወዳታለሁ፣ ብዙ አያታለሁ። ሳላውቅ በልቻት ቢሆንስ?

እንዲህ እያሰብኩ ግድግዳ ተደግፌ ሳለሁ እኔንም ያንቀጠቅጠኝ ጀመር። ምራቄን ስውጥ ምስማር እንደ ጠባሁ ያለ ጣዕም አለው።

ኧረ ቆይ፣ ቡዳ ራሱን ይበላል እንዴ?

ያ ሐሳብ አነቃኝ። ሁለታችንን አንድ ነገር ነው የበላን ማለት ነው። አብረን ምን ነካን? ሄጄ ቱቦውን ከምድጃው ነቅዬ አየሁት፤ አፉ ላይ ነጭ ዱቄት ጋግሯል። በሻሼ ጠቅልዬ፣ ባለ ሦስት እግር ራክሻ ይዤ፣ እየተንቀጠቀጥኩ ማዮ ወረድኩ።

ሐዲዱን የሸጠልኝ ሽማግሌ ዓም ኢስሐቅ፣ አጎቴ ኢስሐቅ እንደማለት፣ ይባላል፤ ከዳርፉር የመጣ ሰው ነው። ከዚያች አንዲት ግዢ ሌላ አንተዋወቅም። ቱቦውን ሲያይ በዐረብኛ አያቴ እያለ ጮኸብኝ።

«ሐቦባ! ዚንክ ነው እኮ ያቃጠልሽው! ይሄ ነጩ፣ እንዳይዝግ የሚቀቡት። ጢሱ ሰው ያንቀጠቅጣል። እኔም አንዴ አጢሼ ልሞት ነው ብዬ ተናዝዤ ነበር፤ በማግሥቱ ድኜ ኑዛዜዬን መመለስ አሳፈረኝ።»

«ልጂቱ ትሞታለች?»

«ኢንሻአላህ ነገ ትነሣለች። ንጹሕ አየር ትውሰድ፣ ወተት ስጧት። ትንፋሽ ካጠራት ግን ሐኪም ቤት፣ ሳትዘገዩ።» ከዚያ ትክ ብሎ አየኝ። «የሐዳድ ልጅ ሆነሽ እንዴት ይህን አታውቂም?»

«ማን ነገረህ?» አልኩ ደንግጬ።

«ሐዲዱን ስትገዢ በመዶሻ መታ አድርገሽ ጆሮሽን አስጠግተሽ አዳመጥሽው። ይሄ ከአባት ቤት ካልሆነ ከየትም አይገኝም።»

«በአባቴ ጊዜ ዚንክ የሚባል ነገር በአገሩ አልነበረም» አልኩት። ግቢ ውስጥ የሚጠብቀኝን ስነግረው ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን አቆመ። ሱቁን ዘግቶ፣ «ያላ፣ እንሂድ» አለኝ። ማንም አላስገደደውም።

ብርቅነሽ እጁ እንደ ከሰል የጠቆረ ሽማግሌ ይዤ ስገባ ስታይ አማተበች። «ሁለት ሆኑ!» አለች።

ዓም ኢስሐቅ ጢሱን አስወጣ፣ መስኮት አስከፈተ፣ ቱቦውን እያሳየ አስረዳ። ዐረብኛው ለሁሉም ገባቸው። በመጨረሻ ወደ ብርቅነሽ ዞረና፣ «ያ ሐጃ፣ በእኛም አገር ለሐዳድ ልጅ አይድሩለትም፤ ከአንድ ሳህን አብረውት አይበሉም። ሥጋውን የሚቆርጡበትን ቢላ ግን የሠራሁት እኔ ነኝ» አላት።

ያን ጊዜ አፌ ሳላዘው ተከፈተ። «አባቴ ቀኛዝማች አልነበረም። ቀጥቃጭ ነበር። እኔም ወናፉን እነፋለት ነበር» አልኩ።

እኔ የማየው ዘይነባን ብቻ ነበር። ከሦስቱ ብርድ ልብስ ውስጥ አንገቷን አወጣች።

«እትዬ ብርቅነሽ፣ ለራስሽ አስቢው እስኪ» አለች ጥርሷ እየተፋጨ። «እማማ ወርቄ ቡዳ ብትሆን፣ አንቺን የመሰለች ሙክት ፊቷ ተቀምጣ እኔን አጥንቴን ምን ብላ ትበላለች?»

መጀመሪያ የሳቀው ዓም ኢስሐቅ ነው፤ አማርኛ ሳይሰማ። ሴቶቹም ተከተሉ። ብርቅነሽ ብቻ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ዘይነባ እጇን ከብርድ ልብሱ አውጥታ የእኔን ያዘችው፤ ሁለታችንም እየተንቀጠቀጥን ስለነበር አያያዛችን አላማረም። «አብሽሪ እማማ» አለችኝ።

በማግሥቱ ሁለታችንም ተነሣን። ወተቱ ይሁን ቀኑ አላውቅም። ጤና ጣቢያ ሄደን ተመረመርን፤ ወባም አልተገኘብንም።

ብርቅነሽ ዕቃሽን አውጪ አላለችኝም፣ ይቅርታም አላለችኝም። ሳምንት ሙሉ ሰላምታዬን በጉሮሮዋ እየመለሰች ቆየችና አንድ ጠዋት የሳጥኗን የተሰበረ ማጠፊያ በጨርቅ ጠቅልላ መጣች።

«ሥሪልኝ። ዓይንሽን ግን ወደ ግድግዳው አድርጊ።»

«ብርቄ፣ የጋለ ብረት እኮ ሳያዩ ሲመቱት የሚመታው ጣት ነው።»

«እንግዲያው አንዱን ጨፍኚ» አለች።

አንዱን ጨፍኜ ሠራሁላት። ማጠፊያው ትንሽ ጠመመ፣ ሳጥኑ ግን ይዘጋል።

አንዳንዱ ሰው ይህን ስነግረው ለምን አልተቆጣሽም ይለኛል። እኔ ግን አሁን ሳስበው ሳቅ እንጂ ቂም አይመጣብኝም። አርባ ዓመት ሙሉ ሁለቱንም ዓይኔን ደብቄ ኖሬያለሁ። በአንድ ዓይን መታመንም ትልቅ ነገር ነው፤ ሁለተኛውን ቀስ ብዬ እገልጠዋለሁ።