ቋንቋ አዋቂው አጎቴ

አጎቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። በሄደበት አገር ሁሉ ሰላምታ፣ ውሃ፣ ዳቦ፣ ጎማ የሚሉትን ቃላት ለቃቅሞ ይመለሳል። እኛ ቤት ሲመጣ ገና ከበሩ በማናውቀው ቋንቋ ሰላም ይለናል። እናቴ በወንድሟ ስትኮራ ለጉድ ነው፤ "አስተርጓሚ መሆን ሲገባው መሪ ጨብጦ ቀረ" ትላለች። አንዱን መኪና ከእሱ ጋር እየተፈራረቀ የሚነዳው አባቴ ግን፣ "ዳቦ ለምኖ ለመብላት ያህል ያውቃል" እያለ ያበሽቀው ነበር።

የሾፌሮች ነገር መቼም ይገርማል። ከሁሉ በፊት የሚማሩት "ችግር የለም" ማለትን ነው። ኬላ ላይ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ሲያስቆማቸው፣ ጥያቄው ገባቸውም አልገባቸውም፣ ፈገግ ብለው "ችግር የለም" ይላሉ። ብዙውን ጊዜ ያልፋሉ። አጎቴማ እንደ አገሬው ሰው ጥርት አድርጎ ነው የሚላት።

በመጨረሻው ጉዞ አባቴን ሆዱን አመመው። "ይተወኛል" እያለ መንገድ ላይ ሰነበተ። መቀመጥ ሲያቅተው አጎቴ አንድ የማያውቁት ከተማ ሆስፒታል ደግፎ አስገባው። ዩኒፎርም የለበሰች ነርስ በአገሯ ቋንቋ ፈጠን ፈጠን እያለች ጠየቀችው። አጎቴ ደንግጧል፤ አፉ የለመደውን አወጣ። ፈገግ ብሎ "ችግር የለም" አላት። ደግማ ጠየቀችው፤ ደገመላት። እሷም የወረፋውን መጨረሻ አሳየቻቸው። አባቴ አግዳሚ ወንበር ላይ ተኮራምቶ ተራውን ጠበቀ። ተራው ሲደርስ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ነበር። ከቀዶ ጥገናው አልነቃም።

አጎቴ ይህን የነገረኝ ለእኔ ብቻ ነው፤ ከቀብሩ ማግስት፣ ጋቢናው ውስጥ፣ የአባቴ ጃኬት ከኋላችን ተሰቅሎ።

"'አመመው' ማለትን አላውቅም ነበር፣ ልጄ። ማን ይማረዋል ብለሽ?"

"ሆድህን ይዘህ ማሳየት አቃተህ?" አልኩት። አለቀሰ። አላዘንኩለትም፤ ተናድጄ ነበር።

ቤት ስንገባ ለቀስተኛው ሞልቷል። እናቴ አጎቴን ስታይ ተነስታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

"ወንድሜ፣ እንኳን አንተ አብረኸው ሆንክ! ቋንቋ ከማያውቅ ሰው ጋር ቢሆን ኖሮ፣ የሚናገርለት እንኳ አጥቶ ይሞትብኝ ነበር።"

ሰው ሁሉ "እውነት ነው፣ እውነት ነው" አለ። አጎቴ በእናቴ ትከሻ ላይ ሆኖ እኔን አየኝ። ለቀስተኛው ውሃ ፈልጎ እንደሆን ልጠይቅ ዞርኩ።