ያልተቆረጠው አልጋ

ባሌ አናጢ ነው። የሰፈሩን በር ሁሉ ያቃናል፤ የገዛ ቤታችን በር ግን ዛሬም ሲጢጥ እንዳለ ነው። "ነገ" ማለት አይደክመውም። እጁ ግን የተባረከ ነው፤ ይህን አልክድም።

እህቱና ባሏ ሲፋቱ፣ እሱ ራሱ የሠራላቸውን የልጆቻቸውን ተደራራቢ አልጋ ጭነው ወርክሾፑ ድረስ መጡ። ልጆቹም አብረው ነበሩ። ልጅቷ ከላይ፣ ታናሽ ወንድሟ ከታች ነው የሚተኙት። ሁልጊዜ ሲተኙ እሱ በእግሩ የላዩን ጣውላ ይመታል፤ እሷ በጣቷ ኳ ኳ ታደርግለታለች። ዓይኑን የሚጨፍነው ያኔ ነው።

"ለሁለት ቁረጥልን" አለ አባትየው። "አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ እሷ ጋ።"

ባሌ መጋዙን አነሳ። ልጁ ሮጦ የአልጋውን ቋሚ አቀፈ። ልጅቷ ግን እንደ ትልቅ ሰው ረጋ ብላ፣ "አጎቴ፣ የላዩ የማን ቤት ነው የሚሄደው? ልብሴን ልለይ ብዬ ነው" አለችው።

ወላጆቹ ተያዩ። ልጆቹ አንድ ሳምንት እናት ጋ፣ አንድ ሳምንት አባት ጋ፣ ሁሌም አብረው እንዲሆኑ ተስማምተው ነበር፤ በየቤቱ አንድ አልጋ ላይ ተጠጋግተው ይተኛሉ ብለው። ይህን ለልጆቹ መንገር ግን አንዳቸውም ትዝ አላላቸውም። ልጅ ምን ያውቃል ተብሎ! በገንኩ።

ባሌ መጋዙን አስቀመጠ። "መጀመሪያ ንገሯቸው። ሁለታችሁም፣ በየአፋችሁ።"

አባትየው ተንበረከከ። "እናንተን የሚለያችሁ የለም። እኔ ጋም አብራችሁ፣ እናታችሁ ጋም አብራችሁ።"

ልጅቷ ወደ እናቷ ዞረች። "አንቺም በይው።"

"አብራችሁ፣ የኔ እናት" አለች እናትየው፤ እንባዋ ቀደማት።

ልጁ ግን ቋሚውን አልለቀቀም። ቃሉን ሰምቷል፤ መጋዙንም አይቷል። ባሌ እሱን አየት አደረገና ወደኔ ዞረ። ገባኝ። ስንት ዓመት ነዝንዤው ለቁም ሣጥኔ ያስቀመጠልኝ ሣንቃ ነበር።

"ውሰደው" አልኩት። "ልብሴ ሚስማር ለምዷል።"

አሮጌው አልጋ ሳይነካ ወደ እናትየው ቤት ተመለሰ። ለአባትየው ሌላ ተደራራቢ ሠራ፤ "ነገ" ሳይል። የላዩን መኝታ ግን በስስ ኮምፔርሳቶ ሲያለብሰው አይቼ ለምን አልኩት።

"ድምፅ እንዲያሳልፍ" አለኝ።

ሊወስዱት የመጡ ቀን ልጆቹ እዚያው ወርክሾፕ ውስጥ ከነጫማቸው ወጡበት። ልጁ ከታች ተጋደመና በእግሩ መታ።

ከላይ ኳ ኳ አለ።

ልጁ በጠራራ ፀሐይ ዓይኑን ጨፈነ።