የሚሌን ድልድይ የሰበርኩ ቀን

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሰላም አዋሽ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ወረቀቶቿን ዘርግታ ትጽፍ ነበር። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ሐብሐብ እቆርጣለሁ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ቢሆንም ንፋሱ ገና ከምድጃ የወጣ ይመስላል። መሥሪያ ቤቷ አደጋ ቢደርስ ሥራ እንዳይቆም የሚያደርግ ዕቅድ አዘጋጂ ብሏት ሦስት ቀን ሙሉ ራሷን ይዛ ሰንብታለች።

«እማዬ፣ እስቲ ስሚኝ» አለችና አነበበችልኝ። መብራት ቢጠፋ ምን እናደርጋለን? ኃላፊው ቢታመም ማን ይተካዋል? መንገድ ቢዘጋ ዕቃ በየት ይመጣል?

«ይህን ያዘዘሽ ሰው ያውቀኛል እንዴ?» አልኳት። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ሌላ ነገር አስቤ አላውቅም። አውቶቡስ ስሳፈር እንኳ መጀመሪያ የማየው በየትኛው መስኮት መውጣት እንደሚቻል ነው።

ሰላም ሳቀችና ቀጠለች። «መጨረሻ ላይ ደግሞ ልምምድ አለ። ለሠራተኛው ሳንነግር እውነተኛ አደጋ የደረሰ አስመስለን...»

ቢላዋው ከእጄ ወደቀ። ሳቅ ያዘኝ፣ ማቆምም አቃተኝ። ልጄ ሙቀቱ የመታኝ መስሏት ውኃ ልታመጣ ተነሣች።

እንዲህ ያለ ልምምድ እኔንም ገጥሞኛል፤ ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሰላም ጥርስ በማብቀል ላይ ያለች፣ ከጀርባዬ የማትወርድ ሕፃን ነበረች። የአገሩ ዕቃ ሁሉ በጅቡቲ በኩል መግባት ከጀመረ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል፤ መንገዱም ከባድ መኪና ተለይቶት አያውቅም። ባለቤቴ በአንድ የጭነት ድርጅት ውስጥ አዋሽ ባለው ጋራዥ መካኒክ ነበር። ያው ድርጅት እኔን ሰመራ ባለው ግቢው የሠራተኞች ክበብ ወጥ ቤት ኃላፊ አድርጎ ቀጠረኝ። ኃላፊ ሲባል እኔና አንዲት ዕቃ አጣቢ ነን። ትምህርቴ እስከ አምስተኛ ክፍል ነው፤ ነገር ግን ጥርት አድርጌ አነባለሁ፣ ይህም ነው መዘዝ ያመጣብኝ።

ሰመራ ያኔ ከተማ ለመሆን ገና ትሞክር ነበር። ጥቁር ድንጋይ በተነጠፈበት ሜዳ ላይ አንድ ሕንፃ እዚህ፣ አንድ ሕንፃ እዚያ ቆሞ በመካከላቸው ፍየል ይሄዳል። ውኃ በቦቴ ይመጣልናል። አቧራ ያዘለው ንፋስ ሲነሣ ፓስታን ከአሸዋ ለይቶ ማቅረብ ራሱን የቻለ ሙያ ነበር።

እኔ ደግሞ የማልጠረጥረው ነገር አልነበረም። ክብሪት በሦስት ቦታ፣ በርበሬ በሁለት ቆርቆሮ እደብቃለሁ። የፍየል ሥጋ ሲመጣ ግማሹን ወዲያው ቋንጣ አደርገዋለሁ፤ ነገ ፍየል ቢጠፋስ? ጌቱ የሚባል የተሳቢ ሾፌር ይህን ያውቃልና «የሺዬ፣ መጠባበቂያ ባልሽን የት ነው የደበቅሽው?» ይለኛል። «አንተን እንደሁ ለመጠባበቂያም አልይዝህ» እለዋለሁ። ክበቡ በሳቅ ይሞላል።

ታዲያ በዚያው ዓመት ጎርፍ መንገድ ቆርጦ መኪኖቻችን ለቀናት ቆሙ። ከዚያ በኋላ ዋናው መሥሪያ ቤት ከአዲስ አበባ አንድ ባለሙያ ላከልን። ዳንኤል ይባላል፤ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ ነው ሰመራ የገባው። በማግሥቱ ከረባቱ ወለቀ። በሦስተኛው ቀን ሽርጥ የሚሸጥበትን ሱቅ ጠየቀ።

ስብሰባው የተደረገው ክበቡ ውስጥ ነው፤ የሚሽከረከር ማራገቢያ ያለው እዚያ ብቻ ነበርና። ዳንኤል ተነሥቶ «የሚሌ ድልድይ ቢሰበር ምን ታደርጋላችሁ?» ሲል ጠየቀ። ከእኛ ወደ አዋሽም ሆነ ወደ ደሴ የሚሄድ መኪና ሁሉ በዚያ ድልድይ ነው የሚያልፈው።

«ቁጭ ብለን የየሺን ፓስታ እንበላለን» አለ ጌቱ።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ክፍሌ ደግ ሰው ናቸው። «እንጸልያለን» አሉ።

እኔ እጄን አወጣሁ። «ሽንኩርቱም ቲማቲሙም ከማዶ ነው የሚመጣው። ሾፌሮቹ ሁሉ እዚህ ከተከማቹ ውኃው ሁለት ቀን አይደርስም። ሁለት ስኳር ሕመምተኞች አሉን፤ መድኃኒታቸው ፍሪጅ ይፈልጋል፤ ጀነሬተሩ ደግሞ ናፍጣ ከመኪናው ጋር ይሻማል። ዕቃ አጣቢዋም እርጉዝ ናት።» ዕቃ አጣቢዋ በሩ ላይ ሆና «ምነው እቴ!» ብላ ጮኸች። ለካ ለማንም አልተናገረችም ነበር።

ዳንኤል መነጽሩን አወለቀ። «እርስዎ ይህን የት ተማሩት?»

«ተጨንቄ ነው» አልኩት።

በዚያው ዕለት «የአስቸኳይ ጊዜ መረጃ ተጠሪ» ተብዬ ተሾምኩ። ከስሜ ፊት ሹመት ሲቀመጥ በሕይወቴ የመጀመሪያው ነበር። ዳንኤል አንድ የታሸገ ፖስታ ሰጠኝና «ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከፍተው ለሁሉም ያንብቡ። ልምምድ መሆኑን የምናውቀው እኔ፣ አቶ ክፍሌና እርስዎ ብቻ ነን» አለኝ።

«ሰው ቢደነግጥስ?»

«እንዲደነግጥ እኮ ነው።»

«ልቡ የሚያመው ቢኖርስ?»

«ወይዘሮ የሺ፣ ካወቁት ልምምድ አይሆንም።»

ማክሰኞ ጠዋት ፖስታውን ቀድጄ ጮክ ብዬ አነበብኩ። «የሚሌ ድልድይ በጎርፍ ተሰብሯል። እስኪጠገን ድረስ ምንም ተሽከርካሪ አያልፍም።» ግቢው ተረበሸ። አንዱ ናፍጣ ለመለካት፣ አንዱ የውኃ በርሜል ለመቁጠር ሮጠ። ዳንኤል ሰዓቱን እያየ ይጽፋል። ጌቱ ብቻ ከተሳቢው ሥር ተኝቶ «ሲጠገን ቀስቅሱኝ» አለ።

እኔ የሠራተኛውን ስም ዝርዝር ሳይ አንድ ሰው ጎደለኝ። የበሩ ጥበቃ ጋሽ ሁመድ ነው። ጋሽ ሁመድ ቀጭን፣ ሽበታም አፋር ነበር። የእኔ ጡት የነጠፈ ጊዜ ማንም ሳይለምነው ለሰላም በየጠዋቱ የግመል ወተት ያመጣልኝ ጀመር። ሰው ሁሉ ሲሰማ እሱ ለምን ይቀራል? ወረቀቱን ይዤ ወደ በሩ ሮጥኩ።

አዳምጦኝ ሲያበቃ «አንቺ በዓይንሽ አየሽው?» አለኝ።

«ወረቀቱ ላይ አለ።»

«ወረቀቱ ከማን ነው?»

«ከዋናው መሥሪያ ቤት።»

ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁላችንም ክበብ ተሰብስበን ዳንኤል ልምምድ መሆኑን ተናገረ። ሰው በመጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ሳቀ፤ ሻይና ብስኩት ቀረበ፤ ለእኔም ተጨበጨበልኝ። ጋሽ ሁመድ ግን ተረኛው ስለመጣለት ወደ መንደሩ ሄዷል። ወሬውን ለመንገር ለሮጥኩለት ሰው፣ ወሬውን ለማፍረስ አልሮጥኩለትም። ጭብጨባው አዘናጋኝ።

በዚህ አገር የኖረ ሁሉ ዳጉን ያውቃል። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ እንዲሁ ሰላም ተባብለው አይተላለፉም። ቆመው ወይም ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ ይለዋወጣሉ፤ የዝናቡን፣ የሣሩን፣ የውኃውን፣ የመንገዱን። ያዩትን «አየሁ»፣ የሰሙትን «ከእገሌ ሰማሁ» ይላሉ። አንድም ቃል አይጨመርም። በረሃ ላይ በሐሰት ወሬ ከብት ወደ ደረቅ ጉድጓድ ይነዳልና፣ በዳጉ የዋሸ ሰው ሰው አይባልም። ጋሽ ሁመድም ወደ መንደሩ ሲሄድ ላገኘው ሁሉ እንደ ደንቡ ተናገረ። «ድልድዩ ተሰብሯል። እኔ አላየሁም። ከየሺ ሰማሁ፤ እሷም ከወረቀት።»

ለምሳ የአርባ ሰው ፓስታ ቀቅዬ ነበር። ስድስት ሰው መጣ። መንገዱ ላይ ወጥቼ ባይ አንድ መኪና የለም፤ ንፋሱ ብቻ ፌስታል ይነዳል። እንዲህ ያለ ዝምታ ሰመራ ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። ወዲያው የቢሮው ስልክ ጮኸ። ባለቤቴ ነበር፣ ከአዋሽ።

«የሺ፣ ድልድዩ ተሰበረ አሉ! ደህና ናችሁ? ዱቄት አላችሁ?»

«ማን ነገረህ?»

«ከተማው ሁሉ! መኪኖቻችን ከድልድዩ ወዲህ አዳይቱ ላይ ቆመዋል።»

አቶ ክፍሌ ስልኩን ነጥቀው አዳይቱ ደወሉ፤ ሻይ ቤት ያለ አንድ ሾፌራችንን አስጠሩ። «ድልድዩ ደህና ነው! ተንቀሳቀስ!» ብለው ቢጮኹ ሰውየው «ጌታዬ፣ እርስዎ ቢሮ ነው ያሉት፤ እኔ ግን ከአፋር ነው የሰማሁት» ብሎ ዘጋባቸው።

ዳንኤል ሥራውን ጨርሶ ልክ ከምሳ በፊት ወደ አዲስ አበባ ጉዞ ጀምሮ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪናው አቧራ እያስነሣ ግቢው ውስጥ ተመልሶ ገባ። ሲወርድ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ጉድ ሆነናል! እዚሁ አጠገባችን ሎግያ ላይ መኪና ተሰልፏል። የሚሌ ድልድይ ተሰበረ!»

አቶ ክፍሌ ከቢሮ ወጡ። «አቶ ዳንኤል፣ እርስዎ እኮ ነዎት የሰበሩት።»

«የእኔማ ልምምድ ነው። ይኼኛው እውነተኛው ነው! ሁሉም ሰው እያወራው!»

ጌቱ ከተሳቢው ሥር በሳቅ ይንከባለል ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ጋሽ ሁመድ ያለ ወተት መጣ። ሰላምታዬን መለሰ፤ ወደ ፊቴ ግን አላየም። ከሚሌ በኩል የመጡ ሰዎች ድልድዩ ቆሞ ማየታቸውን ተናግረው ኖሮ፣ ሽማግሌዎች ቤቱ ድረስ መጥተው «ይህን ወሬ ከየት አመጣኸው?» ብለውታል። ወደ ሥራ ሲመጣም መንገድ ላይ ያገኛቸው ሁለት ሰዎች ሳይቆሙለት አልፈዋል። ሰው ሳይቆምለት ሲያልፍ በዕድሜው የመጀመሪያው ነበር።

«ውሸት ነበር?» አለኝ።

«ልምምድ ነበር፣ ጋሽ ሁመድ።»

«ልምምድ ምንድን ነው?»

«ያልሆነውን ነገር ሆነ ብሎ መናገር ነው። ሰው እንዲማርበት።»

«እሱ በእኛ ዘንድ ሌላ ስም አለው» አለ።

መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ዳንኤል ማኅተም ያለበት ማስተባበያ ጽፎ በየከተማው ለመለጠፍ ሐሳብ አቀረበ። ጋሽ ሁመድ «ወረቀት ነው እኮ የጀመረው» አለ። ወሬውን የለቀቀው አፍ ራሱ ሄዶ ተቀምጦ ካልተናገረ ወሬው አይመለስም። ያውም ድልድዩን በዓይኑ አይቶ።

እንዲህ ሆነና ሰላምን አዝዬ፣ ከጋሽ ሁመድ፣ ከአቶ ክፍሌና ከዳንኤል ጋር በድርጅቱ ፒክአፕ ሚሌ ወረድን። ድልድዩ ላይ ወጣሁ። ከዳር እስከ ዳር ሄድኩበት፤ ለማንኛውም ብዬ ብረቱንም በእጄ ገፋሁት። ከዚያም ጋሽ ሁመድ መርቶን ማዶ ግራር ሥር ወደ ተቀመጡ ሦስት ሽማግሌዎች ሄድን።

ሰላምታው ራሱ ጊዜ ወሰደ። ጋሽ ሁመድ ያስተረጉማል። ልጅሽ እንዴት ናት? ሁለት ጥርስ አብቅላለች፣ ሦስተኛው እያተኮሳት ነው። ውኃ አላችሁ? አራት በርሜል፣ አንዱ ያፈሳል። እንጨት? እስከ ዓርብ። እኔ እንደሆንኩ ከተጠየቅሁ አንድም ነገር አላስቀርም፤ የዕቃ አጣቢዋን እርግዝና፣ የጨዉን ማለቅ፣ ጀነሬተሩ ማታ ማታ የሚያሰማውን ድምፅ ሁሉ ተናገርኩ። ትልቁ ሽማግሌ አንድ ነገር አለ። ጋሽ ሁመድ ሳይፈልግ ፈገግ አለ። «ከደገኛ እንዲህ ያለ የተሟላ ዳጉ ሰምተን አናውቅም ይላሉ።»

ከዚያ «ድልድዩን አሁን በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ቆሟል። የትናንቱ ወሬ ከእኔ አፍ ነው የወጣው። ሁመድ የተናገረው እኔ የነገርኩትን ነው፤ አልጨመረም፣ አልቀነሰም» አልኩ።

«አንቺስ ከማን ሰማሽ?»

ወደ ዳንኤል ጠቆምኩ። ሦስቱም ሽማግሌዎች ወደ እሱ ዞሩ። አዲሱን ሽርጡን ሰብስቦ ተቀመጠ።

«አንተ አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«ከማን ሰማህ?»

ላቡን ጠረገ። «ከማንም። ራሴ ነኝ ያሰብኩት።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሽ ሁመድን ጠየቀው፤ ጋሽ ሁመድም ተረጎመ። «ይህ ሰው ለዚህ ደመወዝ ይከፈለዋል ወይ? ይላሉ።»

«አዎ» አለ ዳንኤል፣ አንገቱን ደፍቶ።

ግራሩ ሥር የተነሣውን ሳቅ ዛሬም እሰማዋለሁ። ትልቁ ሽማግሌ ዓይኑን እየጠረገ ተነሣና እጁን ለጋሽ ሁመድ ዘረጋ። እኛ ሰመራ ሳንደርስ መኪኖች መንቀሳቀስ ጀምረው ነበር።

እኔ ግን መኪኖቹ ቢንቀሳቀሱም ልቤ አላረፈም። በማግሥቱ ጠዋት ከወጥ ቤቱ መስኮት በሩን ስመለከት ቆየሁ። ግመል የሚነዳ አንድ ሰው መጣ። ወደ በሩ ሲቃረብ ትንፋሼን ያዝኩ። ሰውየው ቆመ። በትሩን አስደግፎ ከጋሽ ሁመድ ፊት ቁጢጥ አለ፤ ሁለቱም ያወሩ ጀመር። ሽንኩርቱ እያረረ እኔ እዚያው መስኮቱ ላይ አለቀስኩ።

ዳንኤል ለዋናው መሥሪያ ቤት «ልምምዱ ከተጠበቀው በላይ ተሳክቷል፤ መረጃው በግማሽ ቀን አዋሽ ደርሷል» ብሎ ሪፖርት እንደጻፈ በኋላ አቶ ክፍሌ ነገሩኝ።

ይህን ሁሉ ሳወራላት ሐብሐቡ ሞቀ። ሰላም ስትስቅ ቆይታ ድንገት ወደ ወረቀቷ ተመለሰች። እኔም አሰብኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ስጨነቅ የኖርኩት ስለሚያልቅ ነገር ነበር። ያለቀ ነገር ግን ይተካል። እኔ በአንድ ጠዋት ልሰብረው ምንም ያልቀረኝ የአንድ ሰው ቃል ነበር፤ እሱን የሚጠግን ግንበኛ የለም።

«ልምምዱን ማን ማን ያውቃል?» ብዬ ጠየቅኋት።

«አለቃዬና እኔ።»

«በራችሁ ላይ ሻይ የምትሸጠውስ? ፅዳት የምትሠራው? ቆሻሻ የሚወስደው ሰውዬ?»

«እማዬ፣ እነሱ እኮ ሠራተኞች አይደሉም።»

«ጆሮ ግን አላቸው።»

ብዕሯን አነሣች። እኔ ስጠራ፣ እሷ ስትጽፍ ፀሐይ ጠለቀች። አንድ ገጽ አልፎ ወደ ሁለተኛው ሲሄድ «አለቃዬ በጣም ረዘመ ይለኛል» አለች።

«ይርዘም» አልኳት።