ዋና የማይችለው የገንዳ ጠባቂ

የእህቴ ባል ዋና አይችልም። ይህን የምናውቀው እሱ ራሱ፣ እህቴ፣ ልጃቸውና እኔ ብቻ ነን። ሥራው ደግሞ የመዋኛ ገንዳ ላይ ነው። ሳቁ እንጂ፤ እኛም በፊት እንስቅ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ዓለም አቀፍ ይባላል፤ ከየአገሩ የመጡ ሰዎች ልጆቻቸውን የሚያስተምሩበት ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ከእኛ ሰፈር ቤቶች ሁሉ ይሰፋል፤ ቲያትር ቤት አለው፣ የሙዚቃ ክፍል አለው፣ ላቦራቶሪው ያብረቀርቃል። እኔ የምሠራው ምግብ ቤቱ ውስጥ ነው፤ ሰሃን ታጥቦ በማያልቅበት በኩል። እሱ ሲቀጠር ዳይሬክተሯ "ዋና ትችላለህ?" ብላ ጠየቀችው። "አዎ" አለ። ምን ይበል? እኛ ዘንድ ሥራ ፈላጊ ለተጠየቀው ሁሉ መልሱ አዎ ነው። መንዳት ትችላለህ? አዎ። ቧንቧ ትጠግናለህ? አዎ። ሌላውን ከገባህ በኋላ ትማረዋለህ። ዋናን ግን፣ ይችላል የተባለ ሰው ከማን ይማራል? ካፍ ከወጣ አፋፍ።

ለነገሩ ያን ጊዜ ችግር አልነበረውም። ልጆቹን የሚጠብቅ አሰልጣኝ ነበር። የእሱ ድርሻ ውሃውን ማጣራት፣ ክሎሪን መጨመር፣ ቅጠል መልቀም ነው። የሠራተኛ ልጅ በነፃ ስለሚማር ሴት ልጁም እዚያው ገባች። ሥራውን ይወደዋል፤ ጠዋት ጠዋት ውሃውን እንደ ታማሚ "እንዴት አደርክ?" ሲለው ሰምቼዋለሁ። እጁ ክሎሪን ክሎሪን ስለሚሸት እህቴ ፊቷን አታስነካውም። ሠራተኛው ሁሉ "ዓሣው" ይለዋል። ዓሣው ግን በገንዳው ዙሪያ ሲሄድ ግድግዳውን ታክኮ ነው።

ወላጆች ግቢውን በሚጎበኙበት ቀን ነው ነገሩ የመጣው። ዳይሬክተሯ ከፊት ሆና እያስጎበኘች ሳለ አንድ ሕፃን ከእናቱ እጅ አመለጠና ገንዳው ውስጥ ገባ። አሰልጣኙ በዚያ ሰዓት ጂም ውስጥ ሌሎች እንግዶች ይዞ ነበር። የእህቴ ባል የቅጠል መልቀሚያውን ዘንግ ሊዘረጋ ሲሮጥ እርጥቡ ሴራሚክ አዳለጠውና እሱም ገባ። ሲንፈራገጥ አንድ እጁ ልጁን ያዘ፣ ሌላው መሰላሉን። እንዴት እንደ ወጡ ፈጣሪ ይወቀው። ሰዉ አጨበጨበ። እሱ ጥጉ ላይ ተንበርክኮ የጠጣውን ውሃ ሲያስመልስ ዳይሬክተሯ እያለቀሰች "ጀግናችን!" ትለው ነበር።

ብዙም ሳይቆይ አሰልጣኙ ሥራ ለቆ ወደ አገሩ ሄደ። ዳይሬክተሯም ለትንንሾቹ አዲስ የዋና ፕሮግራም ከፈተች። ጠባቂያቸው ማን ይሆናል? ጀግናው ነዋ!

ወጥ ቤት ድረስ መጣ፤ ከንፈሩ አመድ መስሏል።

"አንድ ልጅ ቢሰጥምብኝ እኮ አብሬው ከመስጠም በቀር የማደርገው የለም" አለኝ።

"ሂድና ንገራታ!"

ሄደ። ነገራት። ሳቀችበት።

"ትሕትናህን እወድልሃለሁ" አለችው።

"እውነቴን ነው እመቤቴ፣ ዋና አልችልም።"

"ልጁን ስታወጣ በዓይኔ አይቻለሁ እኮ!"

በዓይኔ አይቻለሁ ለሚል ሰው ምን ይባላል? እህቴ ሥራውን እንዲለቅ ለመነችው። "ልጄስ?" አለ። እሱ ከለቀቀ የልጅቷ የነፃ ትምህርትም ያበቃል።

ፕሮግራሙ ሊጀመር ሲል ውሃው አረንጓዴ ሆነ። ለሌላ ሳምንት ተላለፈ፤ በዚያኛውም ሳምንት ብሶበት እንደ አጃ ወፈረ። ልጆቹ እንዳይገቡ ብሎ ክሎሪኑን አቁሞ ነበር። "ውሃው አሞታል" ይላቸዋል፣ ዓይኑን ሳያሽ። እኔ ከመስኮት ሆኜ ያንን አረንጓዴ ሳይ ደስ ይለኝ ነበር፤ ልቤ ግን አያርፍም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ።

በኋላ ዳይሬክተሯ ከውጭ ባለሙያ አስመጣች። ሰውየው ውሃውን ቀድቶ አየና "እዚህ ውስጥ ክሎሪን የሚባል ነገር የለም" አለ። የእህቴ ባል ተጠራ። ሰነፍ ተብሎ፣ የልጆች ጤና አበላሽ ተብሎ ተባረረ። ልጅቷ እስከ ተርሙ መጨረሻ ትማር ተባለ፤ ይሄ እንግዲህ ደግነት ነው። የግል ልብሱን በፌስታል ይዞ ሲወጣ በምግብ ቤቱ በር አለፈ።

"እፎይ" አለኝ። "ልጅ ሳይሞትብኝ ወጣሁ።"

ፌስታሉን ተቀብዬ እስከ ግቢው በር ሸኘሁት።

ባለሙያው ክሎሪን ጨምሮበት በአራተኛው ቀን ውሃው ጠርቶ ሰማያዊ ሆኖ አደረ። ዳይሬክተሯ ረፋድ ላይ ወጥ ቤት ገብታ ዙሪያዋን አየችና ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ።

"አዲሱ አሰልጣኝ የሚመጣው በሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ ወላጆች ደግሞ ጆሮዬን አደነቆሩት። ዛሬ ልጆቹ ውሃ ውስጥ ይጫወቱ፣ አንቺ ቁሚላቸው።"

"እኔ ዋና አልችልም እመቤቴ" አልኳት። በግልጽ፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ።

"ዋኚ ማን አለሽ? ዓይንሽን ብቻ እነሱ ላይ አድርጊ።"

ክንዴን ይዛ ወሰደችኝ። የሳሙናው አረፋ ከእጄ ላይ ገና አልደረቀም ነበር። በገንዳው ጠርዝ ላይ ልጆች ተሰልፈዋል፤ መሀላቸው የእህቴ ልጅ አለች። እኔን ስታይ ፊቷ ልውጥ አለ። ከሰልፉ ወጥታ ቀሚሴን ያዘች።

"አክስቴ፣ ጥልቁ በየት በኩል ነው?" አለችኝ በሹክሹክታ።

ውሃውን አየሁት፤ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው። ጥልቁን የሚያውቀው አባቷ ነበር። አፌን ከፍቼ ገና ሳልናገር ልጆቹ አንድ ላይ ዘለሉ።