የጀሶ ባለሙያው ልጅ

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ስብራት ሲጠግን ኖሯል። በሆስፒታሉ ምድር ቤት ያለችው የጀሶ ክፍል የእሱ ናት፤ ባልዲ፣ ፋሻ፣ ጀሶ መቁረጫ መጋዝና አንድ የሚንቋቋ አልጋ። የሰፈሩ ሰው «ጀሶው» ነው የሚለው። ጥፍሩ ሥር የገባው ነጭ አቧራ ቢፋቅ ቢታጠብ አይለቅም።

ከበሽተኞቹ ሁሉ አንጀቱን የሚያሳርሩት ጎረምሶቹ ናቸው። ከግንብ የዘለለው፣ ሞተር ላይ ቆሞ የነዳው፣ ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፤ «እኔ እንዲህ እሆናለሁ ብዬ በጭራሽ አላሰብኩም።»

«ማንስ አስቦ ያውቃል?» ይላቸዋል ፋሻውን እየጠቀለለ።

አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ፣ ዳገቱን የሚወጣ የጭነት መኪና በአጠገቡ አለፈ። ከኋላው አንዲት ብስክሌተኛ በአንድ እጇ ተንጠልጥላለች። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጁ ናት። አየችው፤ ይባስ ብላ ሳቀችለት።

ማታ ጮኸባት። ልጅቷ ዳቦዋን እየገመጠች፣ «አባዬ፣ ሌሎቹ የሚወድቁት ስለማይችሉበት ነው። እኔ መኪናው ገና ሳይዞር ይታወቀኛል» አለችው።

«ምኑ ነው የሚታወቅሽ?»

«በቃ ይታወቀኛላ! አንተ አይገባህም።»

ብስክሌቷን ቆለፈባት፤ የጓደኛዋን ተዋሰች። ቢቸግረው ሥራ ቦታው ወሰዳትና በእሷ ዕድሜ ያለች፣ ከብስክሌት ወድቃ ዳሌዋ የተሰበረ ልጅ አልጋ አጠገብ አቆማት። የእሱ ልጅ ዕንባ አቀረረች፤ የበሽተኛዋን እጅ ይዛ አጽናናቻት። «ተመስገን፣ ገባት» አለ በልቡ። ደረጃውን ሲወጡ ግን፣ «ታሳዝናለች፤ ግን እኮ ስትፈራ ነው የወደቀችው። እኔ አልፈራም» አለች።

በሦስተኛው ሳምንት እሷኑ በቃሬዛ አመጡለት። የተንጠለጠለችበት መኪና ለውሻ ብሎ ድንገት ቆሞ፣ ቀኝ እግሯ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ባልደረባው «አንተ ውጣ፣ እኔ እሠራዋለሁ» ቢለው አሻፈረኝ አለ። ፋሻውን ነክሮ ሲያነሳ ግን ከየት እንደሚጀምር ጠፋበት። ባልደረባው ቀስ ብሎ ፋሻውን ተቀበለው።

«አባዬ፣ ጥፋቱ እኮ የሹፌሩ ነው» አለች፣ ጥርሷን ነክሳ።

እግሯ ትንሽ አጠር ብሎ ዳነ። ክራንቹን በጣለች በሳምንቱ ብስክሌቷን ይዛ ስትወጣ በር ላይ አገኛት።

እናትየው ከጓዳ ሆና፣ «ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባል ነበር። ይቺን መከራውም አልመከራት!» አለች።

እሱ መንገድ ለቀቀላት። «ስትሄጂ እንኳ ደውለሽ ንገሪኝ።»

«እሺ አባዬ። ደግሞ አታስብ፣ አሁን ልምድ አለኝ።»

ቃሏን አላጠፈችም፤ በወጣች ቁጥር ትደውላለች። በደወለች ቀን ሁሉ እሱ የሰው እግር ይዞ ጆሮው ኮሪደሩ ላይ ነው። የቃሬዛ ጎማ በተንኳኳ ቁጥር፣ ጀሶ ከእጁ እየተንጠባጠበ ይወጣና የተኛውን ሰው ፊት አይቶ ይመለሳል።